መስማት ብቻ የሚችል ራዲዮ

ትዊላ ሬምፔል ልጇ ጭስ አፍኖት ሆስፒታል መግባቱን የሰማችው ነገሩ ከሆነ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም መንገድ ዳር፣ ከሰው አፍ።

የምትኖረው በምዕራብ ካንሳስ፣ ሃስኪን በምትባል ሦስት መቶ ነፍስ በማትሞላ ከተማ ነው። ሥራዋ ደብዳቤ ማደል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ መሪው በቀኝ በኩል በሆነ መኪና ዘጠና አራት ማይል የጠጠር መንገድ ስትዞር ኖራለች። በየእርሻው ደጃፍ ወደተተከለው የፖስታ ሣጥን ትጠጋለች፣ በመስኮት እጇን ትሰዳለች፣ ደብዳቤውን ከትታ ታልፋለች። ያን ቀን አንዲት አሮጊት ሣጥናቸው አጠገብ ቆመው ጠበቋት።

«ብሮክ እንዴት ሆነ? ተሻለው?» አሏት።

«ከምኑ?» አለች ትዊላ።

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ብሮክ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፣ የትዊላ አንድ ልጅ ነው። በከተማዋ የእህል ጎተራ ይሠራል፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ እንደ አብዛኛው የሃስኪን ወንድ ሥራውን ጥሎ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ይሮጣል። በዚያ ጠዋት የሚቃጠል በረት ውስጥ የቀሩ ጥጆች ላውጣ ብሎ ገብቶ ነበር። ጥጆቹንም አወጣ፣ እሱም እየሳለ ወጣ፣ ማታ ከሆስፒታል ለቀቁት።

«አገሩ ሁሉ ሰምቷል» አለችው ትዊላ። «ያልሰማሁት እኔ እናትህ ብቻ ነኝ።»

«ደህና ነኝ እኮ፣ እማ። ይኸው እያየሽኝ።»

«አሁንማ እያየሁህ ነው። ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።»

አገሩ ሁሉ የሰማው በስካነር ነው። ስካነር የሚሉት ከጡብ የማይበልጥ የራዲዮ ሣጥን ነው፤ የእሳት አደጋውን፣ የአምቡላንሱን፣ የመንገድ ሠራተኞቹን ሞገድ አንድ በአንድ ሲያዳርስ ይውልና ሰው የሚናገርበት ላይ ሲደርስ ቆሞ ያሰማል። በሃስኪን ይህ ሣጥን የሌለበት ወጥ ቤት የለም። ትዊላም ባሏ ለሮይ ከመሞቱ በፊት የገዛው አንድ አላት። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ቀኑን መንገድ ላይ ናት፤ ሣጥኑ ለባዶ ቤት ይለፈልፋል። ስልኳም ቢሆን ከተማውን ሁለት ማይል ስትርቅ ይሞታል።

ስለዚህ በየካቲት ወር በአንድ ቅዳሜ፣ ዙሯን ጨርሳ፣ አንድ ስካነር ከነካርቶኑ ይዛ ወደ ቨርል ሄደች። ቨርል የለሮይ ታላቅ ወንድም ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አርጅቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጋዘኑን በአሮጌ ራዲዮ ሞልቶ እዚያው ይውላል። አግብቶ አያውቅም። የመኪናዋን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ። የደብዳቤ ሣጥኖች፣ የውሻ ብስኩት፣ የተርብ መግደያ፣ መኪናዋ የለበሰችው የሦስት ክረምት አቧራ።

«መኪና ነው ወይስ ቆሻሻ መጣያ?»

«የምትሠራው ከሆነ ሥራ፤ ካልሆነ በሩን ዝጋልኝ፣ ይበርዳል።»

«የት ልግጠመው? እዚህ ቢሆን ሣጥንሽ ይገጨዋል። እዚያ ቢሆን ጉልበትሽ ይገጨዋል።»

«ድምፁን የምሰማበት የትም አድርገው።»

«ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቼው መገላገል እችል ነበር» አለ ቨርል ኮፈኑን እየከፈተ። «ግን በዚያ መንገድ ስትንገጫገጪ ይነቀልና ቀኑን ሙሉ ስታጎነብሺ ቦይ ትገቢያለሽ።»

ሽቦውን ከባትሪው ጀምሮ፣ በሞተሩና በሰው መቀመጫው መካከል ባለው ብረት ቀዳዳ አሳልፎ፣ ጠርዙ እንዳይልጠው ጎማ አልብሶ ወደ ውስጥ አመጣው። ፊውዙን እዚያው ባትሪው ሥር አደረገው።

«ለምን እዚያ?» አለች ትዊላ።

«ሽቦው መሃል ላይ ቢላጥና ፊውዝ ባይኖረው አንቺ ራስሽ የእሳት አደጋ ጥሪ ትሆኛለሽ። ልጅሽ መጥቶ ውሃ ይረጭሻል።»

አንቴናው ማግኔት ያለው ነበር። ትዊላ መስኮቱ ጠርዝ ላይ እንዲያደርገው ፈለገች፤ እሱ እምቢ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ ራሱ የአንቴናው ግማሽ ነው፣ መሃል ላይ ካልቆመ በአንድ ጆሮ እንደ መስማት ነው አላት። ጣሪያው መሃል ላይ የነበረውን ብርቱካናማ መብራት ወደ ኋላ ገፋና አንቴናውን በቦታው አቆመው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳችው። ሣጥኑ ፉጨት ጀመረ፤ ነዳጅ በሰጠች ቁጥር ፉጨቱ እየቀጠነ ይወጣል።

«ዲናሞው ነው» አለ ቨርል፣ እንደተደሰተ ሰው። ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባ፣ አንድ ቦታ ቀለሙን ፍቆ የሣጥኑን ሽቦ ከባዶው ብረት ጋር አጥብቆ አሰረው። ፉጨቱ ጠፋ።

ቀጥሎ ጩኸት የሚያፍነውን ቁልፍ አሳያት። «ይቺን ብዙ ካጠበቅሻት ደካማው ድምፅ አብሮ ይታፈናል። ካላላሻት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሲንጫጫብሽ ይውላል። ልክ ጸጥ ያለበት ላይ ተያት። አዎ። እዚያ ጋ።»

ሞገዶቹን ከማስታወሻ ደብተሩ እያየ አንድ በአንድ ሞላ። የወረዳው የጥሪ ማዕከል። አምቡላንሱ። የአየር ሁኔታ። የመንገድ ሠራተኞቹ። ፖሊሶቹን አለፋቸው፤ ባለፈው ዓመት ድምፃቸውን ቆልፈውታል፣ ከዚህ ወዲያ ማንም አይሰማቸውም አላት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ቨርል፣ ዐይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ቨርል እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አንድ ይቀራል። እሳት ላይ ሲሆኑ በእጅ ራዲዮ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። ከአምስት ስድስት ማይል አያልፍም፤ የጥሪ ማዕከሉ እንኳ አይሰማውም። እዚያ ላይ ሰው የመጣለትን ነው የሚናገረው። ለሮይም የቤታችሁ ሣጥን ላይ እንዳላስገባው ለምኖኛል።»

«ለሮይ የለም። አስገባው።»

«ብትሰሚስ ምን ታደርጊያለሽ? ይሄ ሣጥን ጆሮ እንጂ አፍ የለውም።»

«አስገባው አልኩህ።»

አስገባው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግ ነበሩ። ወድቀው የተነሱ ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ የቆመች ላም፣ ቦይ የገባ የጭነት መኪና። ትዊላ ደብዳቤ እያደለች የወረዳውን የጓዳ ወሬ ትሰማለች። ብሮክም ከጥሪ ሲመለስ፣ እሷ በአቅራቢያው እንዳለች ካወቀ፣ በእጅ ራዲዮው «እማ፣ እራት ምንድነው?» ይላል። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ ዴልበርት ወዲያው ይቆጣል፦ «ይሄ የሥራ ሞገድ ነው እንጂ የእናትህ ምድጃ አይደለም!» ዴልበርት ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዳሌው ታሞ ያነክሳል፣ ግን የእሳት አደጋ መኪናውን መሪ ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ትዊላ ብቻዋን ትስቃለች፤ ማታ ደግሞ ብሮክን ለታይታ ትቆጣዋለች።

መጋቢት ሲገባ ነፋሱ መጣ። ክረምቱን ዝናብም በረዶም አልጣለም፤ ሣሩ ደርቆ ሲረግጡት ይሰበራል። በአንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ትዊላ በዙሯ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ሳለች፣ ሣጥኑ የጥሪውን ረጅም ጩኸት አሰማ። ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጥሎ ሣር ተያይዟል። ቀጥሎ የሴት ልጅ ድምፅ ቦታውን ተናገረ። ድምፁ የሼልቢ ነው። ሼልቢ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከዊቺታ መጥታ በወረዳው የጥሪ ማዕከል ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ ነው። ትዊላ መልኳን አይታ አታውቅም፤ ድምፅዋን ግን እንደ ዘመድ ድምፅ ለምዳዋለች።

ወደ ምዕራብ ስታይ ጭሱ ቆሟል። አልቆመም፣ ተኝቷል፤ ነፋሱ መሬት ላይ እያንከባለለ ይነዳዋል። የሃስኪን መኪናዎች ሲወጡ ሰማች። ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ከኮረብታው ወዲያ ያለውን ጎን ያዙ። ቁጥር ሦስት፣ ጀርባዋ ላይ የውሃ በርሜል የተጫነባት ፒካፕ፣ በወዲህኛው ጎን መጣች። ዴልበርት ይነዳል፣ ብሮክ ከኋላ ቱቦ ይዟል። ትዊላ ሁለት ሣጥን ላይ ደብዳቤ ከተተች። በሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ነፋሱ ዞሯል። በሩን ከሌላ ጎን ሲመታው ተሰማት።

«ጥሪ ማዕከል፣ ቁጥር ሦስት ነኝ» አለ ዴልበርት። ድምፁ ይቆራረጣል። «እሳቱ ወደኛ... ከድሮው ያንትስ ቦታ በስተ ምዕራብ... ፈፋው ውስጥ አሸዋ ይዞናል። ውሃ ላኩልን። ቶሎ።»

«ተሰምቷል፣ ቁጥር ሦስት። ያንትስ» አለች ሼልቢ። ወዲያውም ከጎረቤት ወረዳ ለእርዳታ እየመጣ ያለውን የውሃ ቦቴ ጠራችና አድራሻ ሰጠችው።

ትዊላ አድራሻውን ታውቀዋለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንን ቁጥር በየቀኑ አንብባዋለች።

«አይደለም!» ብላ ሣጥኑ ላይ ጮኸች። «አይደለም፣ እሱ አይደለም!»

ሼልቢ የሰጠችው የጂን ያንትስን ቤት ነው። ነጭ ቤት፣ ቀይ በረት፣ በደቡብ በኩል፣ አሥራ ሁለት ማይል ርቆ። ካርታው ላይ ያለው ያንትስ እሱ ብቻ ነው። የድሮው ያንትስ ቦታ ግን በሰሜን ነው፤ ትዊላ ሥራ ሳትጀምር በፊት ሰው ለቆታል። አንድ የጭስ መውጫ፣ ሁለት የደረቁ ዛፎች፣ አንድ የተንጋደደ፣ በነፋስ የሚሠራ ውሃ መሳቢያ። ቁጥር የለውም፣ የፖስታ ሣጥን የለውም። ዕድሜው ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ የሃስኪን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዊቺታ የመጣች ልጅ ከየት ልታውቀው?

ዴልበርት ስህተቱን ሰምቷል። ሊያርም ሲሞክር የመኪናው ራዲዮ አልሠራ አለው፤ የእጁን አነሳ። «ደቡብ አይደለም! ሰሜን ነው! የድሮው ያንትስ፣ የድሮው!» ይህ በእጅ ራዲዮው ሞገድ የመጣ ነው። ጥሪ ማዕከሉ አርባ ማይል ርቆ ነው ያለው፣ አይሰማውም። የሃስኪን ሰዎች ከኮረብታው ወዲያ ናቸው፣ እነሱም አይሰሙትም። ቦቴው የሌላ ወረዳ ነው፣ ሞገዱ የለውም። ያን ድምፅ የሰማ ከትዊላ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ስልኳን አነሳች። ምንም የለም። በመስኮት አውጥታ ወደ ሰማይ ያዘችው። ምንም የለም።

ከፊት ለፊቷ መስቀለኛ መንገድ ነበር። በግራ ከታጠፈች ሁለት ማይል ሄዳ ልጇ ያለበት ትደርሳለች። በቀኝ ከታጠፈች ሦስት ማይል ሄዳ አስፋልቱ ላይ ትወጣለች፤ ቦቴው ወደ ደቡብ ለመውረድ የግድ በዚያ ያልፋል። መገናኛው ላይ ቆመች። ምን ያህል እንደቆመች ኋላ ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም። ያስታወሰችው ዞራ የመኪናዋን የኋላ ክፍል ማየቷን ነው፤ ወረቀት፣ ወረቀት፣ የዘር ማስታወቂያ፣ የውሻ ብስኩት። እነዚህን ይዤ እሳት ላይ ምን አደርጋለሁ አለች። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ጠጠሩ ከሥሯ እንደ በረዶ ይረግፋል። ሣጥኑ ዝም አላለም።

«ከዚህ ወጥተን የታረሰው ማሳ ውስጥ ከገባን አይነካንም» አለ ብሮክ። «ቅርብ ነው፣ አለቃ፣ ያው አጥሩ ማዶ።»

«ያንን አጥር እኔ በዚህ ዳሌ አልዘለውም። አንተ ሂድ።»

«አምስት ሽቦ ነው። ልቁረጠውና በመሃሉ እናልፋለን። ፒንሳው የት አለ?»

«ሂድ አልኩህ እኮ! ዝለልና ሂድ!»

«አገኘሁት። እርስዎ እዚያው ይቆዩ፣ ስጠራዎ ይውጡ።»

ከዚያ ንፋስ ብቻ ተሰማ። ትዊላ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት አጎንብሳለች። አንድ ማይል ሲቀራት የብሮክ ድምፅ ተመለሰ፤ እየሳለ ነው፣ ግን የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው።

«እማ። ይሄን ከፍተሽ ከሆነ ዝጊው። እሺ? ዝጊው በቃ።»

አልዘጋችውም።

አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ቦቴው ከሩቅ ታየ፤ መብራቱን እያብለጨለጨ ይወርዳል። ትዊላ መኪናዋን መንገዱ ላይ አግድም አቆመችና ወርዳ እጆቿን ዘረጋች። ቦቴው ጎማው እየጨሰ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው በመስኮት ብቅ አለ።

«ሴትዮ! አብደሻል እንዴ? ልገድልሽ ነበር እኮ! ዞር በይ፣ ሰዎች እየተቃጠሉ ነው!»

«ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው የምትሄደው። ያሉት በሰሜን ነው፣ በድሮው ያንትስ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ደብዳቤ አዳይ ነኝ።»

ሰውዬው አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን አየ። «ከጥሪ ማዕከል የተሰጠን አድራሻ አለን። በደብዳቤ አዳይ ወሬ ነው ቦቴ የማዞረው? ዞር በይ!»

ትዊላ አልተከራከረችም። ወደ መኪናዋ ተመለሰች፣ እጇን በመስኮት አስገብታ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረችው። የዴልበርት ድምፅ አስፋልቱ ላይ ወጣ።

«ብሮክ! ብሮክ፣ መልስልኝ! ልጄ፣ መልስልኝ!»

ቀይ ጢሙ ሰው አንገቱን ወደ ድምፁ አሰገገ። «ብሮክ ማነው?» አለ።

«የኔ ነው» አለች ትዊላ። «ተከተሉኝ።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ዳሽቦርዱ ላይ ጣለ። «ይምሩን» አለ።

እነሱ ሲደርሱ እሳቱ አልፎ ሄዷል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ይጨሳል፤ የአጥሩ ቋሚዎች አንድ በአንድ እየነደዱ ነው። ዴልበርት ፒካፑ ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ እጁና ፊቱ ተቃጥሎ፣ እስትንፋሱ እያፏጨ ተገኘ። ብሮክ አጥሩ ሥር ነበር። ከአምስቱ ሽቦ አራቱን ቆርጧል።

ነፍሱ አልወጣችም ነበር። የቦቴው ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አደረጉለት፤ ትዊላ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጁን ልትይዝ ፈለገች፣ የምትይዘው ቦታ አላገኘችም። ስለዚህ አናገረችው። ስለ ምን እንዳናገረችው ለማንም አልተናገረችም። ሄሊኮፕተር መጥቶ ወደ ዊቺታ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ዐይኑን ሳይገልጥ ሞተ።

ዴልበርት ተረፈ። ሐኪሞቹ እርዳታው አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ጭሱ ይጨርሰው ነበር አሉ። አደጋውን ሊያጣራ የመጣ ሰው ደግሞ ቦቴው በቀጥታ ቢመጣ እንኳ ለብሮክ አይደርስም ነበር አለ። ትዊላ ይህን ያላት እውነት ስለሆነ ይሁን ስላዘነላት አታውቅም፤ አልጠየቀችውም።

ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን የትዊላ ቤት ጠረጴዛ ሰው ባመጣው፣ በፎይል በተሸፈነ ምግብ ሞልቷል። ቨርል በረንዳ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል። አንዲት ቀጭን ልጅ ከመኪና ወርዳ ደረጃው ላይ ስትቆም ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። ወደ ውስጥ ገብቶ ለትዊላ በጆሮዋ ነገራት።

«ላባርራት?»

«አስገባት» አለች ትዊላ።

ሼልቢ ገብታ ቆመች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። «ወይዘሮ ሬምፔል» አለችና አቃታት። እንደገና ጀመረች። «ነገ የመጨረሻው ጥሪ አለ። እኔ እንዳነበው አዘውኛል፣ ያን ቀን ተረኛዋ እኔ ስለነበርኩ። አይገባኝም ብያለሁ። እርስዎ ካልፈለጉ ሌላ ሰው ያነበዋል። እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

የመጨረሻው ጥሪ ማለት የሞተውን የእሳት አደጋ ሰው በራዲዮ በቁጥሩ መጥራት ነው። ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ መልስ ሲጠፋ ሥራውን እንደፈጸመ ይነገርለታል።

ትዊላ አየቻት። ልጅቷ የአፏን ጠርዝ ነክሳ አቁስላዋለች።

«የድሮው ያንትስ ሲል ሰማሽ?»

«ያንትስ የሚለውን ሰማሁ። የድሮው የሚለውን... ሰምቼዋለሁ። ምንም አልመሰለኝም።»

«አልጠየቅሽውም።»

«አልጠየቅሁትም።» ልጅቷ አለቀሰች። «ይቅርታ ልልዎ አልመጣሁም። እንዴት ብዬ እላለሁ።»

«አትበይ» አለች ትዊላ። «አሁን ብትይኝ የምመልስልሽ የለኝም።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንቺው ጥሪው። ድምፅሽን ያውቀዋል። ግን ስትጠሪው እንዳትንቀጠቀጪ። እሱ በጥሪ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይወድም ነበር።»

በማግስቱ ነፋሱ ሞቶ ነበር። የአምስት ወረዳ እሳት መኪናዎች በመቃብሩ መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆሙ፤ የሁሉም ራዲዮ ተከፍቷል። ዴልበርት በፋሻ እንደተጠቀለለ በተሽከርካሪ ወንበር ከሆስፒታል መጥቷል። ሼልቢ አርባ ማይል ርቃ ካለችበት ጠራች። የብሮክን ቁጥር አለች። ዝም ተባለ። ደገመች። ዝም ተባለ። ሦስተኛውን ስትጠራ ትዊላ ሳታውቀው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቨርል ክንዷን ያዘ። የልጅቷ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

ትዊላ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቨርል አንድ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዞ መጥቶ ስካነሩን ልንቀልልሽ አላት። ተወው አለችው። ያን አንዱን ሞገድ ብቻ ላጥፋልሽ አላት። እሱንም ተወው አለችው። እየቆየ ተናደደ፤ «ራስሽን መቅጣት ነው የያዝሽው» አላት። «ይሆናል» አለች፤ በሩን ዘግታ ሄደች።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። በዘጠና አራቱ ማይል ላይ ሰዎች በአፍ ብቻ የሚጠሩትን ቦታ ሁሉ፦ የተቃጠለው ትምህርት ቤት፣ የሁለቱ ወንድማማች ኩሬ፣ የዳነርስ ቁልቁለት፣ ድልድይ የሌለው ድልድይ። የቱ ቁጥር አጠገብ እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደሚታጠፉ። ሲጠፋት ሽማግሌዎቹን ሣጥናቸው አጠገብ አቁማ ትጠይቃለች። አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ።

በአንድ እሑድ ወረቀቱን ይዛ ወደ ጥሪ ማዕከሉ ሄደች። አለቃው አመስግኗት ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም። «መሳቢያ ውስጥ ልትከተው ነው» አለችው። «ካርታው ላይ ሲገባ ማየት እፈልጋለሁ።» ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ ኋላ ዞረ። ተረኛ የነበረችው ሼልቢ ናት። ሥራ ልትለቅ ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ የሚተካት ስላልተገኘ አልለቀቋትም።

ትዊላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አነበበች፣ ሼልቢ ጻፈች። ጥሪ ሲመጣ ያቆማሉ፤ ሲያልቅ ይቀጥላሉ። እንዲህ ሦስት እሑድ አሳለፉ። ወዳጅ አልሆኑም። ስለ ብሮክ አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለተኛው እሑድ፣ ሼልቢ ጣቷን ከመጻፊያው አነሳችና «በዚያ ቀን የት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

«መስቀለኛው መንገድ ላይ» አለች ትዊላ። «ቀጥሎ ያለውን ልበልሽ?»

«ይበሉኝ።»

የመጨረሻው ገጽ ያለቀው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሼልቢ እስከ መኪናዎ ልሸኝዎ አለቻት፤ ትዊላ አያስፈልግም አለች። ኮቷን ደርባ ወጣች። ሞተሩን ስታስነሳ ስካነሩ አብሮ ተነሳ፤ አንድ ሰው ከደቡብ በኩል መንገድ ላይ ሁለት ላሞች አሉ ይላል። ማን እንደሚላክ እስክትሰማ ድረስ ቆየች። ከዚያ ማርሽ አስገብታ ወደ ቤቷ ነዳች።